የጤና ዕዳ የማን ነው?

መንግሥት ሕክምናን ለሕዝብ ሁሉ በማዳረስ ረገድ ስላለው ድርሻ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በኢትዮጵያ ገጠር አንድ አባወራ በጠና ሲታመም የሚሆነው ነገር ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ ያበጃል፤ ጎበዛዝቱ እየተፈራረቁ ይሸከሙታል፤ ወንዝ ተሻግረው፣ አቀበት ወጥተው ከጤና ጣቢያ ያደርሱታል። እስከዚህ ድረስ ሸክሙ የመንደሩ ሁሉ ነው። ከጤና ጣቢያው በር ወዲያ ግን ካርድ ሲወጣ፣ መድኃኒት ሲታዘዝ፣ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ሲላክ፣ ሸክሙ ከብዙዎች ትከሻ ወርዶ በአንድ ቤት ላይ ይወድቃል። አባወራው በሬውን ይሸጣል። ሁለት በሬ የነበረው አንድ ይቀረዋል፤ አንድ ብቻ የነበረው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ከበሽታው ቢድን እንኳ ከድህነቱ አይድንም። ቢሞት ደግሞ እድሩ ይደርሳል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቀብር የሚያስፈልገው ሁሉ ሳይጓደል ይቀርባል። በሕይወት ሳለ ያልተገኘው የጋራ ገንዘብ በሞቱ ቀን ይገኛል።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። ሕዝቡ ለቀብር ያበጀውን ኅብረት ለፈውስ እንዲያበጅ ማድረግ የማን ሥራ ነው? የራሱ የሕመምተኛው ነውን? የመንደሩ ነውን? ወይስ የመንግሥት?

፩. ክርክሩ በምን ላይ ነው?

መንግሥት ሕክምና ማዳረስ ይገባዋል ወይስ አይገባውም እየተባለ በየአገሩ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ማከም ነው፤ ይኸውም ሆስፒታል መሥራት፣ ሐኪምና ነርስ መቅጠር፣ መድኃኒት ማቅረብ ማለት ነው። ሁለተኛው መክፈል ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን በግብርም ሆነ በመዋጮ ሰብስቦ ለሕክምናው ዋጋ ማዋል ነው። ሦስተኛው መቆጣጠር ነው፤ ይኸውም ለሙያው ፈቃድ መስጠት፣ የመድኃኒቱን ጥራት መመርመር፣ ጥፋት ሲደርስ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ሥራ የመንግሥት መሆኑን የሚክድ የለም። ክርክሩ የሚበረታው በፊተኞቹ ሁለት ላይ ነው። አንድ መንግሥት አንዱን ሆስፒታል ሳይሠራ የሁሉን ሕክምና ሊከፍል ይችላል፤ በአንጻሩም ብዙ ሆስፒታል ሠርቶ ድሃውን ከበር ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ «መንግሥት ይግባ ወይስ አይግባ» ከማለት ይልቅ «በየትኛው ሥራ፣ እስከ ምን ድረስ፣ በማን ገንዘብ ይግባ» ማለት ወደ መልሱ ያቀርባል።

፪. የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ

የመንግሥትን ድርሻ መስፋት የማይደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አንደኛ፣ ድሃ መንግሥት የማይችለውን ቃል ሲገባ ሕዝቡን ያታልላል፤ በወረቀት ላይ ነጻ የሆነ ሕክምና መድኃኒቱ ከሌለ ባዶ ተስፋ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ዋጋ የሌለው ነገር ክብር የለውም፤ ሁሉም በነጻ ከሆነ ያልታመመውም ይሰለፋል፣ የታመመው ወረፋ ያጣል ይላሉ። ሦስተኛ፣ አካሚውም፣ ከፋዩም፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት ከሆነ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ይሆናል፤ የተበደለው ሕመምተኛም አቤት የሚልበት ያጣል ይላሉ።

ይህ ሐሳብ በአፍሪካም በሥራ ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1987 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች በዓለም ጤና ድርጅትና በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት አስተባባሪነት በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ተሰብስበው፣ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ጤና ጣቢያዎችን እንዲደጉም የሚያስችል መርሐ ግብር ተቀብለው ነበር። ሐሳቡ ከችግር የመነጨ ነበር፤ የመንግሥታቱ ግምጃ ቤት ባዶ ሆኖ የመድኃኒት መደርደሪያውም ባዶ ቀርቶ ነበርና። በአንዳንድ ስፍራ መድኃኒቱ ተመልሶ መጣ። ነገር ግን ገንዘቡን ከታመመው ሰው በታመመበት ሰዓት መሰብሰብ አንድ ጉድለት አለው፤ የሚከፍለው ከሁሉ ይልቅ አቅም ባጣበት ጊዜ ነው።

፫. ሕመም እንደ ገበያ ዕቃ ስላለመሆኑ

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ርኅራኄን ብቻ የተመረኮዘ አይደለም። አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ታዋቂ ጥናት፣ ሕክምና ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበትን ምክንያት አስረድቷል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ዋጋ ካልተስማማው ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል። ሕመምተኛ ግን መቼ እንደሚታመም አያውቅም፤ ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ሻጩ ራሱ ነው፤ ዋጋው ቢከብደውም ቀን ቆጥሮ የሚመለስበት ጊዜ የለውም። ገዢ የሻጩን ያህል የማያውቅበት ገበያ በራሱ ፍትሕ አያመጣም።

ከዚህም በላይ በሽታ አጥር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። በዚያ ጊዜ ባለጸጋው ለራሱ ኪኒን ቢገዛ የሰፈሩን ትንኝ አያስቀረውም ነበር። ፈንጣጣም እንደዚሁ ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ያ ድል የተገኘው ክትባቱ እየተሸጠ ሳይሆን ከተራራ ተራራ በእግርና በበቅሎ እየተወሰደ፣ ላልጠየቀው ሰው ሁሉ ደርሶ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ሥራ ገዢ የለውም፤ ገዢ ስለሌለውም ነጋዴ አይደርስበትም።

በመጨረሻም የእንግሊዙ ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት በዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር ሲያገለግል ያየውን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ሕግ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልገው ሕዝብ ዘንድ ይበልጥ ያንሳል፤ ገበያው ሲለቀቅም ይህ መዛባት ይብሳል። አዲስ አበባ ያሉትን የስፔሻሊስት ክሊኒኮች በራቅ ያለ ወረዳ ካለው ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሕጉ ለዌልስ ብቻ እንዳልተጻፈ ይረዳል።

፬. ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ

ሦስት አገሮች በሦስት ልዩ ልዩ መንገድ ሄደዋል፤ ከሦስቱም የሚቀሰም ትምህርት አለ።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ዘመን የሠራተኞች የሕመም ኢንሹራንስ ሕግ አወጣች። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው እንዲከፍል ተደረገ። መንግሥት መዋጮውን ግዴታ አደረገ እንጂ ሐኪሙን አልቀጠረም፤ ገንዘቡንም የሚያስተዳድሩት ሠራተኞችና አሠሪዎች የተወከሉባቸው የሕመም ሣጥኖች ነበሩ።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን የቤቨሪጅ ሪፖርት ተከትሎ፣ በጤና ሚኒስትሩ በአኑሪን ቤቫን መሪነት ሐምሌ 5 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተጀመረ። ሆስፒታሎቹ የመንግሥት ሆኑ፤ ወጪው በአብዛኛው በግብር ተሸፈነ፤ ሕክምናው ለሁሉም በነጻ ሆነ። ጦርነቱ አገሪቱን አራቁቷት ስለ ነበር በዚያች ዕለት በእንግሊዝ ዳቦ እንኳ ገና በራሽን ይታደል ነበር። የሐኪሞቹ ማኅበር በዚያው ዓመት መጀመሪያ ባደረገው ድምፅ አሰጣጥ እጅግ የሚበዛው አባል ዕቅዱን ተቃውሞ ነበር። ነገሩ የተፈታው በድርድር ነው፤ የአጠቃላይ ሕክምና ሐኪሞች የደመወዝ ተቀጣሪዎች እንደማይደረጉ ተረጋገጠላቸው፤ የሆስፒታል ስፔሻሊስቶችም የግል ሕመምተኛ እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የገንዘብ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ሊጣል ሲወሰን ቤቫን ከሥልጣኑ ለቀቀ። ለሁሉ በነጻ የሚለው ቃል በየዓመቱ በበጀት ሚዛን ላይ እንደሚወጣ ከዚህ ይታያል።

ታይላንድ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ትቀርባለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከደረሰባት ከባድ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይታ፣ በ2002 የብሔራዊ ጤና ዋስትና ሕግ አወጣች፤ ኢንሹራንስ ያልነበረው ዜጋ ሁሉ በአንድ ጉብኝት 30 ባህት ብቻ እየከፈለ እንዲታከም አደረገች። ይህ ግን በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በየወረዳው ሆስፒታል ሠርታ ነበር፤ አዲስ የሚመረቁ ሐኪሞችንም ወደ ገጠር ትልክ ነበር። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ሆስፒታሎቹን ከሚያስተዳድረው ሚኒስቴር የተለየ መሆኑ ነው።

፭. የኢትዮጵያ ጉዞ

በኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላኩ፣ መንግሥት ከሆስፒታል አልፎ ወደ ገበሬው ደጃፍ ለመድረስ ያደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ጉባኤ «ጤና ለሁሉም በ2000» የሚለው ዓላማ ከታወጀ በኋላ፣ በየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ ሰዎች አጭር ትምህርት እየተሰጣቸው ወገናቸውን እንዲያገለግሉ ተደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የመንግሥት ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ይደግፏቸው የተባሉት የገበሬ ማኅበራትም አቅም አልነበራቸውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ስሕተት አልደገመም። በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች የሆኑ፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሠራተኞች ተመደቡ፤ ደመወዛቸውም በመንግሥት በጀት ተያዘ። ከ30,000 በላይ የሆኑት እነዚህ ወጣቶች ክትባትን፣ የቤተሰብ ምጣኔን፣ የመጸዳጃ ጉድጓድንና የአጎበርን አጠቃቀም በየቤቱ አስተማሩ። በዚህና በሌሎችም ሥራዎች የተገኘው ውጤት በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ከ100,000 ሕያው ልደት 871 የነበረው የእናቶች ሞትም ወደ 412 ዝቅ ብሏል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በመቶ 5 ከነበሩት ወደ 26 ከፍ ብለዋል።

የሁለቱ ሙከራዎች ልዩነት የሐሳብ አልነበረም፤ የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው። ልዩነቱ በበጀቱ መዝገብ ላይ የተጻፈች አንዲት የደመወዝ መስመር ናት። መንግሥት የራሱ ዕዳ አድርጎ የያዘው ሥራ ቆመ፤ ለማኅበር በጎ ፈቃድ የተወው ፈረሰ።

፮. ለሃምሳ ሰው ጌጥ

መከላከል በዚህ መልክ ሲራመድ፣ የፈውሱ ወጪ ግን በሕመምተኛው ቤት ላይ እንደ ወደቀ ቆየ። ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ቢደረግም፣ ለቀረው ሕመም ግን ድሃው ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት መመላለስ ነበረበት። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስልት ጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፍቷል።

የመድኑ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዝመራ ተሰብስቦ እጁ ላይ ገንዘብ ባለበት ወቅት ያዋጣል፤ በታመመ ጊዜ አይጠየቅም። መንግሥት መዋጮውን ይደጉማል፤ ከሁሉ ድሃ የሆኑትንም ክፍያ ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። ይህ እድርን ከቀብር ቀን ወደ ሕመም ቀን ማምጣት ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው፣ መዋጮው በፈቃድ ሲሆን ጤነኛው «ነገ» ይላል፣ ሕመምተኛው ግን ዛሬውኑ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ከሚገባበት ይልቅ የሚወጣበት ይበዛል። እድርን ያቆመው ሞት ለሁሉም የማይቀር መሆኑ ነው፤ ሕመምን ግን ሰው ሁሉ በሌላው ላይ ብቻ የሚደርስ አድርጎ ያስባል። ሁለተኛው፣ አባሉ መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ይዞ ሲመጣ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዙ» ከተባለ፣ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም አይመለስም። ሦስተኛው፣ ደመወዝተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ የታቀደው የማኅበራዊ ጤና መድን አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከተራዘመባቸው ምክንያቶች አንዱ የደመወዝተኛው ጥርጣሬ ነው፤ ለማያምንበት አገልግሎት ለምን ይክፈል? ገበሬው እያዋጣ ደመወዝተኛው ከሣጥኑ ውጭ ሲቆም ግን፣ ድሃው ድሃውን ብቻ እንዲደግፍ ተፈረደበት ማለት ነው።

፯. መንግሥት ምን ይጠየቅ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ይህንኑ ዓላማ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ከሚል ሐረግ ጋር አያይዞታል። የክርክሩ ሁሉ ልብ በእነዚህ ሁለት አናቅጽ መካከል ይገኛል። አቅም ወሰን መሆኑ እውነት ነው፤ ምክንያት ሆኖ መቅረቡ ግን ሌላ ነገር ነው። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ አብዛኞቹም ከዚያ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ስለዚህ አቅም ምን ያህል ነው ከማለት አስቀድሞ፣ ያለው አቅም ለምን ዋለ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከላይ ከተባለው ሁሉ የሚከተለው ፍርድ ይወጣል። ገዢ የሌለውን ሥራ፣ ይኸውም ክትባትን፣ ንጹሕ ውኃን፣ የወረርሽኝ ቁጥጥርን፣ መንግሥት ለማንም ሊተወው አይገባም። የድሃውን መዋጮ መክፈልም የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ምጽዋት አይደለም። ማከሙን ግን ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፤ የግሉና የሃይማኖት ድርጅቶች ክሊኒኮች ጥራታቸው ተመርምሮ ከመድኑ ጋር ውል ቢገቡ ሕመምተኛው ምርጫ ያገኛል። ከፋዩና አካሚው መለየት አለባቸው፤ ተቃዋሚዎቹ በራሱ ጉዳይ ዳኛ የሚሆን መንግሥት ሲሉ ያነሡት ሥጋት እውነተኛ ነውና። መዋጮው በሂደት ግዴታ መሆን ይኖርበታል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ሳይገኝ ግዴታ ማድረግ ግብር መጣል እንጂ መድን ማቋቋም አይደለም። ቅደም ተከተሉ መድኃኒት፣ ቀጥሎ እምነት፣ ከዚያ በኋላ ግዴታ ነው።

ሙያውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። የእንግሊዝ ሐኪሞች መጀመሪያ ተቃወሙ፣ ተደራደሩ፣ በመጨረሻም አገልግሎቱን ራሳቸው አቆሙት። የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝን፣ የሥራ ቦታ ምቾትንና መሣሪያን በሚመለከት የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሠራተኛው ሳይበላ ሕመምተኛው አይድንምና። ይሁን እንጂ የጎደለውን መድኃኒት ቆጥሮ፣ ያለ አግባብ የታዘዘውን ምርመራ ለይቶ፣ ከበር የተመለሰውን ሕመምተኛ መዝግቦ ለሕዝብ ማሳወቅ ከባለሙያው በቀር የሚችለው የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤትም ይሠራል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ቃሬዛውን የሚሸከሙት ጎበዛዝት ማንም ሳያዝዛቸው ይሸከማሉ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። ሕመምተኛው ድሃ ይሁን ባለጸጋ፣ የሚያዋጣ ይሁን የማያዋጣ ብለው አይጠይቁም። ከመንግሥትም፣ ከሙያውም፣ ከራሱ ከሕዝቡም የሚፈለገው ያን ሸክም ከጤና ጣቢያው በር እንዳያወርዱት ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ የራሱን ድርሻ ከነትከሻው እስከ በሩ ድረስ አድርሶታል። ከበሩ ወዲያ ያለው መንገድ ግን በጎ ፈቃድ ብቻ አያሻግረውም፤ ሕግ፣ በጀትና በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መድኃኒት ይፈልጋል።